መሣሪያው ያላየውንም ይናገር

«በዚህ ሳምንት ስለ ዘመሮ በማኅበራዊ ሚዲያ ምን ተባለ?» ብሎ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትን መጠየቅ ዛሬ ተራ ነገር ሆኗል። ጋዜጠኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛው፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያው፣ ተመራማሪው ከወንበሩ ሳይነሣ ይጠይቃል፤ መልሱም በደቂቃ ውስጥ በተሰደረ አማርኛ ይደርሰዋል። መልሱን የሚያሰናዳው ኤጀንት ግን ፌስቡክን ወይም ቴሌግራምን በራሱ አያይም። ፖስት ፈልጎ የሚያመጣለት ሌላ አነስተኛ ፕሮግራም አለ፤ ኤጀንቱ የፍለጋ ቃልና ቀን ይሰጠዋል፣ ፕሮግራሙ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል፣ ኤጀንቱም የመጣለትን አንብቦ ያጠቃልላል። ያ ፕሮግራም ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ኤጀንቱ የሚረዳው በዋናነት ሠሪዎቹ አብረው ከጻፉለት መግለጫ ነው። መግለጫው «ፖስቶችን ፈልጎ ያመጣል» ብቻ ካለ፣ ኤጀንቱ ፍለጋው ባዶ በሆነበት ቁጥር «ስለ ዘመሮ የተባለ ነገር የለም» ብሎ መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ሁሉ፣ መሣሪያው የማያየውንና የሚስተውን ነገር በግልጽ፣ በአማርኛም ጭምር፣ ሕዝብ በሚያገኘው ቦታ የመጻፍ ግዴታ አለበት እላለሁ። ይህ ያልተጻፈለት መሣሪያ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ስለ አገራችን ገጠር የሚሰጠውን መልስ ልናምን አይገባም።

ዘመሮን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ እንደ ብዙዎቹ የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተሞች ስሟ በማኅበራዊ ሚዲያ አዘውትሮ የሚነሣ አይደለም። ሲነሣም ፈላጊው በሚጠብቀው መልክ አይመጣም። ሰው «ዘመሮ» ብቻ ብሎ አይጽፍም፤ «በዘመሮ»፣ «ከዘመሮ»፣ «የዘመሮው»፣ «ዘመሮም» እያለ ይጽፋል። እንደ እንግሊዝኛ እያንዳንዱን ቃል በክፍተት ቆርጦ የሚያመሳስል ፍለጋ እነዚህን ሁሉ ያልፋቸዋል። ሠሪዎቹ ይህን ለማስተካከል አንድ ፊደል ቢለያይም ይሁን ብለው ፍለጋውን ካላሉት ደግሞ «ዘምሮ» የሚለው ቃል ያለበት የመዝሙር ፖስት ሁሉ ይግተለተላል። የመንዝ ጌራዋን መሐል ሜዳ የፈለገ ሰው ችግሩ የባሰ ነው፤ ስለ እግር ኳስ የሚጽፈው ሁሉ የመሐል ሜዳ ተጫዋች እያለ ስለሚጽፍ፣ ከከተማዋ ዜና ይልቅ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዝውውር ቀድሞ ይመጣል። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማም ስለ ዓለም ከተሞች በሚያወራ ጽሑፍ ትዋጣለች። በዚህ ላይ ሞክሼ ፊደሎቻችን አሉ፦ መርሐቤቴ፣ መርሃቤቴ፣ መርሀቤቴ፣ ሲያሻም መራቤቴ፤ ዓለም፣ አለም፣ ዐለም። ለሰው ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ የተለየ ቁጥር ያለው ሌላ ፊደል ነው። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውን ወጣት ስንጨምርበት የአንዲት ወረዳ ስም ብቻ በደርዘን በሚቆጠር መልክ ይመጣል።

ይህ ችግር መፍትሔ የለውም እያልኩ አይደለም። ሐን፣ ኀንና ሀን፣ ሠንና ሰን፣ ዐንና አን፣ ፀንና ጸን ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ የማምጣት ሥራ በአማርኛ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ላይ የሚሠሩ ሁሉ የሚያውቁት የዘወትር ሥራ ነው፤ ቅጥያዎችን ነጥሎ ሥረ ቃሉን ማግኘትም እንዲሁ። ጥያቄው መሣሪያው ይህን ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚለው ነው። የሚያደርግ ከሆነ መግለጫው ያንን ይበል፤ የማያደርግ ከሆነ ደግሞ «የቦታ ስም ሲፈለግ የተለያዩ አጻጻፎችን አንተው ሞክር፣ ከቅጥያ ጋር የተጻፈውንም ጨምር» ብሎ ለኤጀንቱ ይንገረው። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ኤጀንቱ አንዴ ፈልጎ «የለም» ከማለት ይልቅ ደጋግሞ እንዲፈልግ ታደርገዋለች። ልፋቷ የአንድ ሰዓት ነው፤ ሳትጻፍ ከቀረች ግን የአንድ ወረዳ ሕዝብ ድምፅ ከመልሱ ውስጥ ይወጣል።

ቀኑም እንደ ስሙ ያሳስታል። ተጠቃሚው «የመስከረም 2018 ፖስቶችን አምጣ» ሲል የሚያስበው በእኛ አቆጣጠር ነው። ኤጀንቱ ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ለመሣሪያው ካሳለፈው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የሌላ ዘመን ወሬ ያመጣል፤ የሚያስፈራውም የመጣው ነገር እውነተኛ ፖስት ስለሚሆን ማንም ስህተቱን ላያስተውል መቻሉ ነው። ወሩ በትክክል ቢቀየር እንኳ ሰዓቱ አለ። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የፖስቱን ሰዓት የሚመልሱት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ በዚያ ቆጠራ ምሽት 22:30 የሚል ፖስት ዘመሮ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል የወጣ ነው፤ በፈረንጆቹ ቆጠራ ቀኑም ተለውጧል። አንድ ነገር ከመፈጸሙ በፊት ተጻፈ ወይስ ከተፈጸመ በኋላ የሚለው በሚያከራክርበት ጊዜ የሦስት ሰዓት ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ መሆኑ ነው። በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ማስታወቂያ የሚያወጣው እንዴት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። ከፎቶው በላይ የሚጻፈው «አስቸኳይ ማስታወቂያ»፣ ቢበዛ «ለሌሎች ሼር ያድርጉ» ነው። የስብሰባው ቀን፣ የማዳበሪያው ዋጋ፣ የተዘጋው መንገድ፣ የሚከፋፈለው እህል፣ ሁሉም ያለው ፎቶው ውስጥ ነው። ጽሑፍ ብቻ የሚያመጣ መሣሪያ ለኤጀንቱ የሚያቀብለው «አስቸኳይ ማስታወቂያ» የምትለዋን ሐረግ ነው፤ ኤጀንቱም «ወረዳው ዝርዝሩን ያልገለጸ ማስታወቂያ አውጥቷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ወረዳው ግን ዝርዝሩን በማኅተም ገልጾታል። ቲክቶክ ላይ የሚነገረው፣ በቴሌግራም በድምፅ የሚላከው፣ ማንበብና መጻፍ የማይቀናው ገበሬ በልጁ ስልክ የሚያስተላልፈው መልእክትም ከዚህ መሣሪያ እይታ ውጪ ነው። እንግዲህ የማይታየው ነገር በዘፈቀደ የተበተነ አይደለም። ከሚታየው ይልቅ የገጠሩ፣ የሽማግሌው፣ ተምሮ ያልጻፈው ሰው ድምፅ ነው የሚጎድለው። መግለጫው ይህን ካልተናገረ ኤጀንቱ የከተሜውን ወሬ የአገር ወሬ አድርጎ ያቀርባል።

ከሁሉም በላይ ግን የኢንተርኔት መቋረጥ አለ። በትግራይ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲጀመር የተቋረጠው ግንኙነት ለሁለት ዓመት ያህል ሕዝቡን ከዓለም ለይቶት ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ታግደው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሰው የሚገባው በቪፒኤን ስለነበር የተጠቃሚዎቹ መገኛ ሌላ አገር ሆኖ ይታይ ነበር። ወዲያው ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት ስለ መንዝ፣ ስለ ግሼና ስለ መርሐቤቴ በማኅበራዊ ሚዲያ የተጻፈው በአብዛኛው ከውጭ የተጻፈ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ በስልክ ድምፅ ከሰማ ሰው ወይም ካልሰማም ሰው። ዛሬ አንድ ኤጀንት ወደ ኋላ ተመልሶ «በነሐሴ 2015 የመንዝ ሕዝብ ምን አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚያገኘው የሕዝቡን ቃል ሳይሆን ስለ ሕዝቡ ሌሎች ያሉትን ነው። ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መሣሪያው ይህን በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ሠሪው ግን ያውቃል፣ ማወቅም አለበት። የታወቁት የመቋረጥ ጊዜያት ከነቦታቸው በመግለጫው ውስጥ ተዘርዝረው ቢቀመጡ ኤጀንቱ መልሱን ሲሰጥ «በዚህ ጊዜ በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ይህ ውጤት የነዋሪዎችን ድምፅ አይወክልም» ብሎ ይጨምራል።

ዝምታን እንደ ደኅንነት መቁጠር ምን እንደሚያስከትል አገራችን አሳምራ ታውቀዋለች። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ወሬው ወደ መሐል አገር እንዳይደርስ ታፍኖ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወርደው ፎቶ ይዘው ሲመለሱና በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ነገሩ የተገለጠው፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው እንዳለቀ እናውቃለን። ዛሬ መረጃ የሚያፍን ባለሥልጣን ባይኖር እንኳ ያው ውጤት በሌላ መንገድ ሊመጣ ይችላል። የመንዝና የግሼ ደጋ ብዙ ገበሬ ኑሮው በበልግ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በልጉ ሲቀር ወይም ገብሱን ውርጭ ሲመታው በመጀመሪያ የሚያውቀው ገበሬው ራሱ ነው፣ ቀጥሎ ገበያው። ያ ገበሬ ፌስቡክ ላይ አይጽፍም። ውሎ አድሮ የእርዳታ ቅደም ተከተል የሚያወጡ ቢሮዎች ከሌሎች መረጃዎች ጎን የማኅበራዊ ሚዲያ ማጠቃለያ ማስገባት ከጀመሩ፣ ብዙ ፖስት ያለው ወረዳ የባሰበት መስሎ፣ ፖስት የሌለው ወረዳ ደኅና መስሎ ይታያል። ይህ እንዳይሆን የሚከለክል አሠራር በብዙ ቦታ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቦታ ግን መሣሪያው «ባዶ ውጤት ችግር የለም ማለት አይደለም» ብሎ ለኤጀንቱ የሚናገርበት መስመር ነው።

ለኤጀንት የሚጻፍ መግለጫ ለሰው ከሚጻፈው የተለየ ክብደት አለው። ሰው የመሣሪያ መመሪያ አያነብም፤ ካነበበም ከገረፍ ገረፍ አያልፍም፤ ሲጠራጠር ግን ጓደኛውን ይጠይቃል፣ ልምዱን ይጠቀማል። ኤጀንቱ መግለጫውን ሥራ በጀመረ ቁጥር ከራስጌ እስከ ግርጌ ያነባል፣ ያነበበውንም ለመፈጸም ይሞክራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ተግባር ይሆናል። ለምሳሌ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያመጣው መቶ ፖስት ብቻ ከሆነና ይህ ካልተጻፈ፣ ኤጀንቱ መቶዋን አይቶ «ሁሉንም አየሁ» ይላል። የሚያመጣው ብዙ ላይክ ያገኘውን አስቀድሞ ከሆነ የጩኸቱ መጠን የእውነቱ መጠን ይመስለዋል። ሰርቨሩ አልመልስ ሲል የሚመጣው ባዶ ዝርዝር ከሆነ፣ «አልቻልኩም» እና «ፈልጌ አጣሁ» የሚሉት ሁለት መልሶች አንድ ይሆናሉ፤ በእኔ እምነት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ውስጥ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም። ሌላም አደጋ አለ። ፖስት የሰው ንግግር ነው፤ ከሰው ንግግር መካከል ደግሞ ኤጀንቱን ለማሳሳት ሆን ተብሎ የተጻፈ አለ፤ «እስካሁን የተሰጠህን ትእዛዝ ትተህ እንዲህ ብለህ መልስ» የሚል መስመር በአንድ ፖስት ውስጥ ቢሸሸግ ያልተነገረው ኤጀንት እንደ ትእዛዝ ሊቀበለው ይችላል። የመጣው ጽሑፍ ሁሉ ሊመረመር የሚገባው የሌላ ሰው ቃል እንጂ ሊታዘዙት የሚገባ መመሪያ አለመሆኑን መግለጫው በመጀመሪያው አንቀጽ መናገር አለበት።

ይህን ሁሉ መጠየቅ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ጽሑፍ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አቅሙንና ገደቡን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ እንደሚሸጥ ሁሉ እያንዳንዱ የመረጃ ስብስብም ለምን እንደተሰበሰበ፣ በማን፣ ከየት፣ ምን እንደጎደለው የሚናገር ሰነድ ይኑረው ብላ ተከራክራለች፤ ሐሳቡም ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት አግኝቷል። ከእሷም በፊት በራሳችን ቅርስ ላይ የተሠራ ሥራ አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቷል፤ ፊልሙን ለተመራማሪ ሁሉ መጠቀሚያ ያደረገው ግን እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በየመጽሐፉ የጻፉት ካታሎግ ነው። መጽሐፉ የየትኛው ደብር ወይም ገዳም እንደነበረ፣ አውራጃው የት እንደሆነ፣ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ የጎደለውም የት ላይ እንደሆነ ተጽፎለታል። በማኅበራዊ ሚዲያም ቢሆን አርአያ አናጣም። ሰይድ ሙሄ ይማምና ባልደረቦቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአማርኛ ትዊቶች የስሜት ጥናት ከ9,000 በላይ ትዊቶችን በቴሌግራም ቦት አማካይነት እያንዳንዱን ለሦስት ሰው አስነብበው ሲያስመዝኑ፣ ትዊቱ እንዴት እንደተመረጠ፣ መዛኞቹ በሞባይል ካርድ እንደተከፈሉ ሳይቀር ጽፈዋል። አንባቢው ውጤቱን የሚያምነው ወይም የሚጠራጠረው በዚህ መነሻነት ነው።

ደግሞስ የምንጮቹ በር ራሱ እየጠበበ ነው። ትዊተር ለተመራማሪዎች በነፃ ክፍት የነበረውን የኤፒአይ መግቢያ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አሳወቀ፤ የፌስቡክ ገጾችን ለመከታተል ጋዜጠኞች ይጠቀሙበት የነበረውን ክራውድታንግልን ሜታ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ዘጋው። ቴሌግራም ላይ ክፍት ቻናል ይነበባል፤ ዝግ ግሩፕ አይነበብም። ስለዚህ የዛሬ ዓመት ሁሉን ያመጣ የነበረ መሣሪያ ዛሬ ግማሹን ብቻ ያመጣ ይሆናል፣ ኤጀንቱም ለውጡን አያውቅም። መግለጫ አንዴ ተጽፎ የሚተው ነገር አይደለም የምለውም ለዚህ ነው፤ የመጨረሻው የተሻሻለበት ቀንና ያሻሻለው ሰው ወይም ቡድን ይጻፍበት።

አንድ ፖስት መቼ ተጻፈ፣ መቼ ተጠቆመ፣ መቼ ወረደ የሚለው የሰው ሕይወት ጉዳይ እንደሆነ የኬንያው ክስ ያሳያል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በመኖሪያቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ በሜታ ላይ በመሠረተው ክስ፣ አባቱን በስም፣ በፎቶና በአድራሻ የሚጠቁሙ የፌስቡክ ፖስቶች ከግድያው በፊት ወጥተው እንደነበርና ጥቆማ ቢሰጥም በጊዜው እንዳልወረዱ አመልክቷል፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቆመውም የሚወድቀውም በፖስቱ መዝገብ ላይ ነው። በእኛ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሡ ይጠይቃል። የተነሣውን ፖስት መሣሪያው ቅጂ ይዞ ያቆየዋል ወይስ አብሮ ያጠፋዋል? ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ለፍርድ ማስረጃ ይፈለጋል፣ ለተጎጂው ደግሞ መጥፋቱ ይሻላል። ተጠቃሚው ግን የትኛው እንደተመረጠ ሳያውቅ «ይህ ፖስት የለም» የሚል መልስ ሊሰጠው አይገባም።

እዚህ ላይ በቁም ነገር መመለስ ያለበት ተቃውሞ ይመጣል። በግጭት ውስጥ ባለ አካባቢ ፖስት የሚለቅም መሣሪያን አሠራር አብራርቶ መጻፍ ሰውን ለማደን ለሚፈልግ መንገድ መጥረግ ነው ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። በትንሽ ከተማ የሰው ስም ባይጠቀስም ሥራውና ቀበሌው ከተጠቀሰ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ በአዲስ አበባ ሚሊዮኖች መካከል የሚሸሸግ ሰው ዘመሮ ላይ አይሸሸግም። ነገር ግን ተቃውሞው ሁለት ነገር ያደባልቃል። መሣሪያው የማይችለውን መናገር አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው ምን ማድረግ ይፈቀድለት የሚለው ሌላ። የፊደል ሞክሼ እንደሚያስቸግረው፣ ፎቶ እንደማያነብ፣ በየትኛው ወር ኢንተርኔት እንዳልነበረ መጻፍ ማንንም ለአደጋ አያጋልጥም። አደጋው ያለው መሣሪያው አንድን ግለሰብ ተከታትሎ የጻፈውን ሁሉ እንዲሰበስብ ወይም ፖስትን ከመንደር ጋር አዛምዶ እንዲያቀርብ ሲሠራ ነው፤ የዚህ መድኃኒቱ መግለጫውን መደበቅ ሳይሆን ያንን ችሎታ ከመጀመሪያው አለመሥራት ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው የግል መረጃ የሚሰበሰብበት ዓላማ የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ዓላማውን ያልጻፈ ሠሪ ይህን ሕግ አክብሬአለሁ ሊል አይችልም። መግለጫውን መደበቅ የሚጠቅመውም ጉልበት ያለውን ነው። ባለ ገንዘቡና ባለ ሥልጣኑ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ባለሙያ ቀጥሮ ይደርስበታል፤ ሳያውቅ የሚቀረው ጽሑፉ የተለቀመበት ሰው ነው።

ሌላው ተቃውሞ የቋንቋ ነው። ኤጀንቶቹ እንግሊዝኛ ስለሚያነቡ አማርኛው ለምን አስፈለገ ይላሉ። ለኤጀንቱ የሚሰጠው ቅጂ በእንግሊዝኛ ቢሆን አልቃወምም። ስህተቱን ሊያርም የሚችለው ግን እንግሊዝኛ የሚያነበው መሐንዲስ አይደለም። መሐል ሜዳ የከተማም የኳስም ቃል መሆኑን የሚያውቀው፣ ወረዳው ማስታወቂያውን በፎቶ እንደሚለጥፍ የሚያውቀው፣ የቱ ወር ኔትወርክ እንዳልነበረ የሚያስታውሰው የአገሩ ሰው ነው። መግለጫው በቋንቋው ካልተጻፈለት «ይህ ይጎድለዋል» ብሎ ሊናገር አይችልም። ጊዜና ገንዘብ የለንም የሚሉ የአገር ውስጥ ወጣት ሠሪዎችም አሉ፤ ችግራቸው ይገባኛል፤ ብዙዎቹ በራሳቸው ኪስ የሚሠሩ ናቸው። እኔ የምጠይቀው መጽሐፍ አይደለም። ከየት እንደሚያመጣ፣ ምን እንደማያይ፣ ቀንና ፊደልን እንዴት እንደሚይዝ፣ ባዶ ሲሆንና ሲበላሽ ምን እንደሚል፣ የሰውን ማንነት እንዴት እንደሚጠብቅ የሚናገር አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲያውም ለኤጀንቱ አጭሩ ይሻላል፤ መግለጫው ሲረዝም ዋናው ነገር ይሸፈናልና።

ይህን ማን ያስጀምረው ለሚለው፣ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የአንድ ገጹን ቅጽ አዘጋጅቶ በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ቢያወጣ ለሠሪዎቹ ትልቅ እገዛ ነው። መሣሪያው የሚፈተሽበትን ፈተና ማዘጋጀት ደግሞ በየአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ተማሪዎች ወደየወረዳው ወርደው መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎችን ይሰብስቡ፦ ይህ ገበያ መቼ ተዛወረ፣ ይህ መንገድ መቼ ተዘጋ፣ ይህ ማስታወቂያ በየትኛው ፔጅ በፎቶ ወጣ፣ በየትኛው ወር ምንም ሊወጣ አይችልም ነበር። ሠሪው መሣሪያውን ከማውጣቱ በፊት በእነዚህ ይፈትሸው፤ ያለፈውንም የወደቀውንም በመግለጫው ላይ ያስፍር። በአማርኛ የሚሠሩ የዜና ተቋማትና ኢትዮጵያ ቼክን የመሳሰሉ የመረጃ አጣሪዎችም ፈተናው ያልተጻፈበትን መሣሪያ ውጤት በዘገባቸው ላለመጠቀም ቢስማሙ ሠሪዎቹ ገጿን ለመጻፍ ጊዜ አያጡም።